የትውልድ ቆጠራ፦ ከርስት ሙግት ወደ ታሪክ ምንጭነት

እንደሚታወቀው በጎጃም፣ በጎንደርና በሰሜን ሸዋ ትውልድ መቁጠር የጨዋታ ማድመቂያ ብቻ አልነበረም። የርስት ድርሻ የሚጠይቅ ሰው መሬቱን ካቀናው ዋና አባት እስከ ራሱ ድረስ፣ በአባቱም ሆነ በእናቱ በኩል፣ ሐረጉን መቁጠር ነበረበት። ለጋብቻም እስከ ሰባት ቤት ይቆጠር ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ርስትን ሲሽር ቆጠራው ዋነኛ መድረኩን አጣ።

ቃሉን የሚቀበል ተመራማሪ አንድ ነገር ሊዘነጋ አይገባም። ሐረጉ ለሙግት የተጠበቀ በመሆኑ መሬት የሚያስገኝ ስም ይደምቃል፤ የማያስገኝ ይደበዝዛል። ስለዚህ በሁለት ዘመዳሞች ቤት የተለያየ ሐረግ ቢሰማ፣ አንዱን ሐሰት ብሎ ከመጣል ይልቅ ማን ለምን እንደተዘለለ መመርመር ይበጃል።

ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1915 ዓ.ም. ባሳተሙት «የሕይወት ታሪክ» የታዋቂ ሰዎችን ታሪክ በአጭር በአጭሩ አቅርበዋል። በ1959 ዓ.ም. የታተመው «መጽሐፈ ትዝታ» ግን ሌላ መንገድ ያሳያል። መንግሥቱ ለማ በዚህ መጽሐፍ የአባታቸውን የአለቃ ለማ ኃይሉን ትረካ ከነአነጋገሩ አቆይተውልናል። በመሆኑም አንባቢው የሚያገኘው የስም ዝርዝር ሳይሆን የቤተ ክህነት ተማሪውን ኑሮና የዘመኑን ወግ ነው።

ዛሬ ቆጣሪው ስም በመጥራቱ የሚያጣው ርስት የለም። የተዘለለችውን ሴት አያት፣ የተደበቀውን ባለእጅ ወይም አገልጋይ መጠየቅ የሚቻለው አሁን ነው። ይሁንና ሐረጋቸውን በዳኛ ፊት የቆጠሩ ሽማግሌዎች ጥቂት ቀርተዋል። ተማሪዎቻችን ለክረምት ወደየቤታቸው ሲገቡ ይህን ያስቡ።