ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤና አንድ ኪስ ቆሎ

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ ይህ ታሪክ የአንድ የቴአትር ደራሲ ታሪክ ነው። እኔም በመካከሉ እገባበታለሁ። ስለ ራሴ መናገሩን ወድጄው አይደለም፤ ሳላነሣው ብቀር ታሪኩ ጎደሎ ስለሚሆንብኝ ነው።

በ1965 ዓ.ም. ወልድያ ከተማ ተማሪ ነበርሁ። አገሬ ሐብሩ፣ ከመርሳ ወጣ ብሎ ነው። ከመርሳ እስከ ወልድያ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚሆን፣ እንደ ባልንጀሮቼ ሁሉ ቤት ተከራይቼ እማር ነበር፤ እሑድ እሑድ ስንቄን ከእናቴ ተቀብዬ እመለሳለሁ። ጧት ጧት ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል ተሰልፈን ብሔራዊውን መዝሙር እንዘምራለን። መዝሙሩ ለኢትዮጵያ ደስታን የሚመኝ ነበር። ቃሉን ማን እንደ ጻፈው ከመካከላችን የጠየቀ አልነበረም፤ የነገረንም የለም።

እንግሊዝኛ የሚያስተምረን ከሰላም ጓድ የመጣ አሜሪካዊ ግን የአገሩን ደራሲ የዩጂን ኦኒልን ነገር ደጋግሞ ይነግረን ነበር። የኦኒል እናት የሞርፊን ሱሰኛ፣ ታላቅ ወንድሙ ሰካራም ነበሩ። እርሱም በመርከብ ተንከራትቶ፣ በመጠጥ ተጎድቶ፣ በሳንባ ነቀርሳ ታሞ በተኛበት ወራት ነው ቴአትር ለመጻፍ የቈረጠው። በ1929 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። የቤቱን መከራ የገለጠበትን ቴአትር፣ ከሞትሁ በኋላ 25 ዓመት ሳይሞላ እንዳይታተም ብሎ አሽጎ ነበር ያስቀመጠው፤ ነገር ግን በ1946 ዓ.ም. ሞቶ ሦስት ዓመት እንኳ ሳይሞላው ታተመ። እኛ ይህን ስንሰማ እጅግ አዘንን። አንዱ ጓደኛችን እንባ እስኪያቀርር ድረስ ነበር።

በዚያው ዓመት በወሎ ረኃብ ገብቶ ነበር። ከራያና ከቆቦ፣ ከእኛም ከሐብሩ ቆላ፣ ከብቱ ያለቀበት ሕዝብ ወደ አውራው ጎዳና እየወጣ መኪና በሚያልፍበት ዳር ይቀመጥ ነበር። አንድ ሰኞ ማለዳ ከመርሳ በጭነት መኪና መጥቼ ከወልድያ መግቢያ ወረድሁ። እናቴ የቈላችልኝ የሽምብራ ቆሎ ኪሴን ሞልቶታል። ከድልድዩ አጠገብ አንዲት ሴት ልጇን ታቅፋ ተቀምጣለች፤ ቃል አልተናገረችም፤ እጇን ብቻ ዘረጋች። እኔም ቆሎው እንዳይንኳኳ ኪሴን በእጄ ጨብጬ አለፍሁ። ሰልፍ እንዳይረፍድብኝ ነው ብዬ ራሴን አታለልሁት። ደርሼም ከጓደኞቼ ጋር ስለ አገሬ ደስታ ዘመርሁ።

የዚያን መዝሙር ባለቤት ያወቅሁት ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ዮሐንስ አድማሱ የጻፈውን የሕይወት ታሪኩን ባነበብሁ ጊዜ ነው። ቃሉን የጻፈው ዮፍታሔ ንጉሤ፣ ዜማውን የደረሰው አርመናዊው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበር።

ዮፍታሔ በ1887 ዓ.ም. በጎጃም፣ በደብረ ኤልያስ ተወለደ። በቅኔ ቤት ያደገ ሰው ነው፤ ቀኝ ጌታ የሚለው ማዕርጉም ከቤተ ክህነት የመጣ ነው። ወደ አዲስ አበባ መጥቶ መምህር ሆነ። ከእርሱ አስቀድሞ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ከሩስያ ትምህርት ተመልሶ፣ የሹማምንቱን ጥፋት በአውሬዎች ተረት እያሳየ አንድ ቴአትር ጽፎ ነበር፤ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ግን ታገደ። ከዚያ ወዲህ ቴአትር የተነሣው በትምህርት ቤት ግቢ ነው። ተማሪዎቹ ይጫወታሉ፤ የሴቱንም ድርሻ ወንዶቹ ልጆች ይይዙታል። የዮፍታሔ ቴአትር ግጥምና ዜማ የበዛበት ስለ ነበር፣ ተመልካቹ ነገሩን እንደ ስብከትም እንደ ዘፈንም ይሰማው ነበር። ተክለ ሐዋርያት አውሬ አናገረ፤ ዮፍታሔ ደግሞ በሰምና ወርቅ ተሸሸገ። በእኔ አስተያየት በመድረክ ላይ የዘለቀው በዚህ ብልኃት ነው።

ከሥራዎቹ መካከል «ጥቅም ያለበት ጨዋታ»፣ «የሆድ አምላኩ ቅጣት»ና «አፋጀሽኝ» ይገኛሉ። «አፋጀሽኝ» ሲሉት የሴት ስም ይመስላል፤ ቀረብ ብለው ሲሰሙት ግን አገሩን ወቅሶ የሚያለቅስ ልጅ ድምፅ አለበት። ስለ ጠላት ወረራ ዘመን በምሳሌ የሚናገር ቴአትር ነው፤ ደራሲውም ያን ዘመን በወሬ የሰማው አልነበረም። በ1927 ዓ.ም. የሀገር ፍቅር ማኅበር ሲቋቋም፣ ጦርነት መምጣቱን አውቀው ሕዝቡን በንግግርና በዜማ ከቀሰቀሱት አንዱ እርሱ ነው። በዓመቱ ማይጨው ላይ ሠራዊታችን ተሸነፈ፤ ጠላትም በቆቦ፣ በወልድያና በመርሳ በኩል ወርዶ ሚያዝያ 7 ቀን 1928 ዓ.ም. ደሴ ገባ። እኔ ቆሎዬን ጨብጬ ያለፍሁበት መንገድ መሆኑ ነው። ዮፍታሔ ወደ ሱዳን ተሰደደ። ለአገሩ የደስታ መዝሙር የጻፈው ሰው መዝሙሩ በአገሩ ሳይዘመር አምስት ዓመት አለፈ። አሜሪካዊው ኦኒል በኖቤል ሽልማት የተከበረበት ዓመት፣ የእኛው ደራሲ ስደተኛ የሆነበት ወራት ነበር።

ነጻነት ሲመለስ ዮፍታሔም ተመለሰ፤ ነገር ግን ብዙ አልቈየም። በ1939 ዓ.ም. በ52 ዓመቱ በድንገት ሞተ። የሞቱ ነገር እስከ ዛሬ ሰውን ያነጋግራል፤ እኔ በወሬ ላይ ወሬ አልጨምርም። ይልቅስ የሚቈጨኝ ሌላ ነው። የኦኒልን ወረቀት አትሙ አታትሙ እያሉ ሲከራከሩበት፣ ከዮፍታሔ ቴአትሮች ብዙዎቹ ሳይታተሙ ቀሩ። መዝሙሩ ግን እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ በየትምህርት ቤቱ ጧት ጧት ይዘመር ነበር፤ ቃሉን ሁሉ ሰው በቃሉ ያውቀዋል፤ ጸሐፊውን ግን እንደኔ ያለው ተማሪ አያውቀውም።

መጽሐፉን እያነበብሁ «የሆድ አምላኩ ቅጣት» ከሚለው ስም ስደርስ ማንበቤን ተውሁ። ቅጣቱ ምን እንደ ሆነ በመድረክ ላይ አላየሁም። ነገር ግን ወዲያው የቀኝ ኪሴን በእጄ ጨብጬ ያዝሁ። የተቀመጥሁት በገዛ ቤቴ ነው፤ ኪሴም ባዶ ነበር።

በዚያ ሰኞ ቆሎውን መብላት አልቻልሁም ነበር። በማግሥቱ ማለዳ ከነኪሴ ይዤው ወደ ድልድዩ ወረድሁ። ሴትዮዋም ልጇም አልነበሩም። በአጠገቡ የተቀመጡትን ሰዎች ጠየቅኋቸው፤ አንድ ሽማግሌ «የትኛዋን ነው የምትለኝ ልጄ? ስሟ ማን ይባላል?» አለኝ። ስሟን አላውቀውም ነበር።