ሚዛኑና ሯጩ

ከጥቂት ዓመታት በፊት በመምህራን ማሠልጠኛ ተቋማችን ለግማሽ ማራቶን ይለማመድ የነበረ አንድ ሠልጣኝ ወደ እኔ መጥቶ፣ «መምህር፣ ልምምዱን ባጠነከርኩ መጠን ክብደቴ ይጨምራል፤ በሦስት ሳምንት 2 ኪሎ ጨመርኩ» አለኝ። እኔም ነገሩን ሳልመረምር «እንግዲያው ራትህን ቀንስ» አልኩት። ልጁ ታዛዥ ስለ ነበረ ራቱን ጨርሶ ተወ። በሁለተኛው ሳምንት፣ ረጅሙን ርቀት በሚሮጡበት ዕለት፣ ከመንገድ ዳር ተቀምጦ ተገኘ። ጉልበቱ ከድቶት፣ ፊቱ ገርጥቶ፣ ለጥያቄያችን እንኳ አጥርቶ መመለስ ተስኖት ነበር። ስኳር የበዛበት ሻይ ጠጥቶ ጥቂት ካረፈ በኋላ ተሻለው።

ጥፋቱ የእኔ ነበር። ከዚያ ወዲህ የሰው ልጅ ስለ ገዛ ክብደቱ ያወቀውን እንዴት እንዳወቀ ለመረዳት መጻሕፍት ማገላበጥ ያዝኩ። ያገኘሁትን በአጭሩ ለሥራ ባልደረቦቼና ለተማሪዎች አቀርባለሁ። (ዘመናቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የነገሩን መነሻ በኢጣልያ እናገኛለን። የፓዱዋው ሐኪም ሳንቶርዮ ከሚዛን ላይ የተንጠለጠለ ወንበር አሠርቶ፣ ለ30 ዓመታት ያህል የሚበላውን፣ የሚጠጣውንና ከሰውነቱ የሚወጣውን ሁሉ ይመዝን ነበር። በ1614 ባሳተመው መጽሐፍ እንደ ገለጸው፣ ከሚገባው ውስጥ ብዙው ዓይን ሳያየው በቆዳና በትንፋሽ ይወጣል። ከዚህ የምንማረው ሚዛን የሚመዝነው ስብን ብቻ አለመሆኑን ነው። ውሃውም፣ ደሙም፣ ሆድ ውስጥ ያለው ምግብም አብረው ይመዘናሉ።

ቀጥሎ የምናገኘው ፈረንሳዊውን ክሎድ ቤርናርን ነው። እርሱ በ1857 ግላይኮጅን የተባለውን ንጥረ ነገር ከጉበት ለይቶ አወጣ። ግላይኮጅን ሰውነት ከእንጀራ፣ ከዳቦ፣ ከድንችና ከመሳሰሉት ያገኘውን ስኳር በጉበትና በጡንቻ የሚያከማችበት መልክ ነው፤ የሰውነት ጎተራ ብንለው አያሳስትም። በ1939 ክሪስቴንሰንና ሃንሰን የተባሉ የዴንማርክ ተመራማሪዎች ካርቦሃይድሬት የበዛበት ምግብ የበላ ሰው፣ ቅባት የበዛበት ከበላው ይልቅ ከእጥፍ ለሚበልጥ ጊዜ ብስክሌት ሊነዳ እንደሚችል አሳዩ።

ይሁን እንጂ የጡንቻውን ጎተራ ከፍቶ ያየ አልነበረም። በ1966 ስዊድናውያኑ ዮናስ ቤርግስትሮምና ኤሪክ ሁልትማን ሙከራውን በገዛ ራሳቸው ላይ አደረጉ። አንዱን ብስክሌት ከግራና ከቀኝ ይዘው፣ እያንዳንዳቸው በአንድ እግራቸው ብቻ እስኪደክሙ ነዱ፤ ከዚያም በመርፌ ከሁለቱም እግሮቻቸው ጥቂት ጡንቻ ወሰዱ። የሠራው እግር ጎተራው ባዶ ሊሆን ተቃርቦ ነበር። ሦስት ቀን ካርቦሃይድሬት ከተመገቡ በኋላ ግን የሠራው እግር፣ ካልሠራው እግር እጥፍ ያህል አከማችቶ ተገኘ። ጡንቻ ከሠራ በኋላ ከበፊቱ አብልጦ ያከማቻል ማለት ነው።

ለሠልጣኜ ጥያቄ መልሱ የተገኘው በ1970 ነው። ኦልሶንና ሳልቲን ጎተራቸው የሞላ ሰዎችን ቢመዝኑ ክብደታቸው ከ2 ኪሎ በላይ ጨምሮ አገኙት፤ የጭማሪውም አብዛኛው ውሃ ነበር። ምክንያቱም አንድ ግራም ግላይኮጅን 3 ግራም ያህል ውሃ ይዞ ይቀመጣል። ተማሪዎች በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሊያሰሉት ይችላሉ፦ 500 ግራም ግላይኮጅን ቢጨምር 1,500 ግራም ውሃ ይከተለዋል፤ ድምሩ 2 ኪሎ ይሆናል። በዚህ ላይ ጠንካራ ልምምድ የጀመረ ሰው ኩላሊቱ ጨውና ውሃ ስለሚቆጥብ የደሙ ፈሳሽ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይበረክታል። ይህም ልብን የሚያግዝ ነው። በአንጻሩ 1 ኪሎ ስብ ለመጨመር ከሚያስፈልገው በላይ ወደ 7,700 ኪሎ ካሎሪ መብላት ያስፈልጋል።

ታዲያ እኔ «ቀንስ» ያልኩት ልጁ በላቡ የሞላውን ጎተራ ነበር። በ2011 የታተመ አንድ ጥናት እንደሚያሳየው የኢትዮጵያ ታዋቂ የረጅም ርቀት ሯጮች ከሚበሉት ኃይል ሰጪ ምግብ ከ60 በመቶ በላዩ ካርቦሃይድሬት ነው።

ይሁንና ጭማሪ ሁሉ ደኅና ነው ማለት አይደለም። በ2002 በቦስተን ማራቶን ተመራማሪዎች ሯጮችን መዝነው፣ ከ488ቱ ደም ወስደው መረመሩ። ከመቶ 13ቱ በደማቸው ውስጥ ያለው ሶዲየም ከሚገባው በታች ወርዶ ነበር። ይህም ይበልጥ የታየው በሩጫው ሰዓት ክብደት በጨመሩት ላይ ነው፤ ከላባቸው አብልጠው በመጠጣታቸው ደማቸው ቀጥኖ ነበር። ይህ እስከ ሞት ያደርሳል። ስለዚህ በሳምንታት ልምምድ ውስጥ የመጣ 2 ኪሎና በጥቂት ሰዓት ሩጫ ውስጥ የመጣ 2 ኪሎ ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው።

ለሰውነት ማጎልመሻ መምህራን የምለው ይህን ነው። ተማሪው በሳምንት አንድ ቀን፣ ጠዋት ሽንት ቤት ደርሶ ቁርስ ሳይበላ ይመዘን፤ ቁጥሩን በደብተሩ ይጻፍ። ፍርዱም ከአራት ሳምንት በኋላ ይሁን። እስከዚያው እንዴት እንደሚሮጥ፣ እንዴት እንደሚያንቀላፋ ይጠየቅ። ክብደቱ ሳያቋርጥ ከጨመረ፣ ወገቡም ከሰፋ፣ ለስላሳ መጠጡንና ቅባቱን ይቀንስ እንጂ ማዕዱን አይተው። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው 10 ኪሎ ሜትር ሮጦ የሚያቃጥለው 600 ኪሎ ካሎሪ ያህል ስለ ሆነ፣ «ሮጫለሁና የፈለግሁትን ልብላ» ማለትም አያዋጣም። እግሩ ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረው ወደ ጤና ጣቢያ ይላክ። በተለይ ልጃገረዶችን «ክብደት ቀንሱ» ከማለት እንቆጠብ፤ ምግብ ያነሳት ሯጭ የወር አበባዋ ይቋረጣል፣ አጥንቷም ይሳሳል።

ያ ሠልጣኝ ራቱን ወደ መብላት ተመለሰ። በውድድሩም ቀን ሁለቱን ኪሎ እንደ ያዘ ሮጦ ጨረሰ። ዛሬ እርሱም መምህር ነው።