ከዕፅዋት የሚዘጋጁ ፀረ ተባዮች አጠቃቀም ለበቆሎ አምራቾች

በምዕራብ ጎጃም ዞን፣ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በአካባቢያቸው ወረዳዎች፣ በቆሎ ከዋና ዋና ሰብሎች አንዱ ነው። የአሜሪካ መጤ ተምች በ2009 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ከታየ ወዲህ ማሳን በቅርብ መከታተል ግድ ሆኗል። ከዕፅዋት የሚዘጋጅ ፀረ ተባይ ተምቹ ገና ትንሽ ሳለ ከተረጨ ጉዳቱን ይቀንሳል። ሆኖም ከዕፅዋት መገኘቱ ጉዳት የሌለው አያደርገውም።

ዕፅዋቱና አሠራራቸው

ብርብራ፦ በኢትዮጵያ ብቻ የሚበቅል ዛፍ ነው። ዘሩ ሮቴኖን የተባለ መርዛማ ንጥረ ነገር ይዟል። ቀደም ሲል ዓሣ ለማጥመድ ያገለግል የነበረውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ኒም፦ በሞቃታማ ቆላ አካባቢዎች የሚበቅል ዛፍ ነው። በዘሩ ውስጥ ያለው አዛዲራክቲን ተባዩ እንዳይመገብና ዕድገቱን እንዳይጨርስ ያደርጋል። ስለዚህ ተባዩ በተረጨበት ቀን ላይሞት ይችላል።

አዘገጃጀት

1. ከቅርፊቱ የተለየ 500 ግራም የደረቀ የኒም ዘር መውቀጥ፤
2. በ10 ሊትር ውሃ ዘፍዝፎ ማሳደር፤
3. በንጹሕ ጨርቅ አጥልሎ ጥቂት ሳሙና መጨመርና በዚያው ቀን መጠቀም።

የብርብራ ዘርም ተወቅጦና ተዘፍዝፎ ይዘጋጃል። መጠኑ ግን በልማት ጣቢያ ሠራተኛ ምክር ሊወሰን ይገባል።

አረጫጨት

ማሳው በየሳምንቱ ይፈተሻል። በቅጠል ላይ የተገኘ የእንቁላል ክምር በእጅ ይጨፈለቃል። ትልቅ ተምች ወደ በቆሎው መሐል ጠልቆ ስለሚገባ ርጭት በቀላሉ አይደርሰውም። ርጭቱ አዳዲስ ቅጠሎች በሚወጡበት መሐል ላይ ያነጣጥራል። ንጥረ ነገሮቹ በፀሐይ ብርሃን ስለሚበላሹ ርጭት አመሻሽ ላይ ይመረጣል። በመጀመሪያ በጥቂት ተክሎች ላይ መሞከር ይመከራል።

በዝናብ እጥረት ጊዜ

ፀረ ተባይ የእርጥበት እጥረትን አይተካም። ብርቱ ዝናብ ትናንሽ ተምቾችን አጥቦ ይቀንሳል፤ ዝናብ ሲቋረጥ ግን ክትትሉ መጠናከር አለበት። አፈሩን በሰብል ተረፈ ምርት መሸፈን እርጥበት ይጠብቃል። ውሃ ጥም የጠናበት ሰብል በጠራራ ፀሐይ አይረጭም።

ጥንቃቄ

- የብርብራ ቅሪትና የዕቃ እጣቢ ወደ ወንዝ፣ ምንጭ ወይም ኩሬ አይደፋም፤ ዓሣ ይጨርሳል።
- የብርብራ ዱቄት ለምግብ ከሚቀመጥ እህል ጋር አይቀላቀልም።
- የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛና ጓንት ይደረጋል፤ የወጥ ቤት ዕቃ አያገለግልም።
- ዝግጅቱ ከሕፃናትና ከእንስሳት ይራቃል።
- ንቦች በሚሰማሩበት ሰዓት አይረጭም።

አገልግሎት የሚገኝበት

አርሶ አደሮች በየቀበሌው የልማት ጣቢያ ሠራተኛን ወይም የወረዳውን ግብርና ጽሕፈት ቤት ማነጋገር ይችላሉ። የተባዩን ናሙና ወይም የተጎዳ ቅጠል ይዞ መቅረብ ተባዩን ለመለየት ይረዳል። የታሸገ ፀረ ተባይ የሚገዛ ሰው ምርቱ በሕግ መሠረት የተመዘገበ መሆኑን ማረጋገጥ ይኖርበታል።