የነጋዴን ቃል ማን ያድርስ?

ቦኖሻ የሻሸጎ ወረዳ መቀመጫ ናት። ከሆሳዕና ወደ ቆላው ወረድ ሲሉ፣ የቦዮ ሐይቅና የብላቴ ወንዝ በሚገኙበት አካባቢ። በርበሬ የአገሩ ስም ነው። ነጋዴው ምርቱን ከገበሬው ይሰበስባል፣ እርጥቡን ከደረቁ፣ የነጣውን ከቀዩ ያስለያል፣ በጆንያ አስጠቅጥቆ አይሱዙ ይከራያል። እስከዚህ ያለው የእርሱ ሙያ ነው፤ ማንም አያስተምረውም። ከዚህ ወዲያ ያለው ግን ሌላ ሰው የጻፈው ነው። ፈቃዱን ለማሳደስ ምን ማሟላት እንዳለበት፣ ግብሩ በምን እንደሚሰላ፣ ኬላ ላይ የትኛው ወረቀት እንደሚጠየቅ፣ የመጋዘን ቦታ በጨረታ ይሁን በምደባ እንደሚሰጥ፣ ይህ ሁሉ በመመሪያ ተወስኖ ይመጣል። መመሪያው ሲረቀቅ የቦኖሻ ነጋዴ ቃል በማን አፍ ቀረበ? የሀዲያና የከምባታ ከተሞችን የንግድ ታሪክ የምቃኘው በዚህ ጥያቄ ነው።

በጥንቱ ሥርዓት የነጋዴ አለቃ ነጋድራስ ነበር። ሹመቱን ከላይ ያገኛል፤ ቀረጥ ያስከፍላል፤ በነጋዴዎች መካከል የተነሣውን ክርክር ይዳኛል። ነጋዴው በቀረጡ ቢበደል አቤት የሚለው ለዚያው ለቀረጠው ሰው ነበር። ይህን ነጥብ አንባቢ ልብ እንዲልልኝ እፈልጋለሁ፤ የነጋዴ ተወካይና ግብር አስከፋይ አንድ ሰው የሆኑበት ሥርዓት ስሙን እየለወጠ እስከ ዘመናችን ደርሷልና። ከነጋድራሶቹ መካከል ግን ለአገር ንግድ በብዕር የተሟገቱም ነበሩ። በድሬዳዋ በነጋድራስነት ያገለገሉት ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ በ1911 ዓ.ም. አርፈው፣ «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የተባለው ሥራቸው በ1916 ዓ.ም. ታትሟል። ያልተመጣጠነ የውጭ ንግድ አገርን እንዴት እንደሚያደኸይ በዚያ መጽሐፍ ደረጃ በደረጃ ያስረዱት ሰው፣ ንግድን ከመሥሪያ ቤት ወንበራቸው ሆነው ያዩ ሹም ነበሩ።

ሆሳዕና በዚያው ዘመን ግድም ነው ከተማ መሆን የጀመረችው። ዋቸሞ ትባል የነበረችው ስፍራ የራስ አባተ ቧያለው መቀመጫ ስትሆን የዛሬውን ስሟን አገኘች። ሹምና ወታደር በሰፈረበት ገበያ ይደምቃል፤ የሀዲያና የከምባታ ገበሬ እህልና ከብት፣ ከጉራጌና ከስልጤ የመጣው ነጋዴ ጨርቅና ጨው ይዞ እዚያ ተገናኘ። በኋላም ከተማዋ በሸዋ ጠቅላይ ግዛት የከምባታና ሀዲያ አውራጃ መዲና ሆነች።

የንግድ ምክር ቤት በዓለም ላይ የቆየ ተቋም ነው። የመጀመሪያው በ1599 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይዋ ማርሴይ ወደብ እንደተቋቋመ ይነገራል። ከዚያ ወዲህ ሁለት መንገድ ተከፈተ። በፈረንሳይና በጀርመን ምክር ቤቱ በሕግ የቆመ፣ የንግድ ድርጅቶች ሁሉ አባል የሚሆኑበት ተቋም ሆነ፤ በእንግሊዝና በአሜሪካ ደግሞ የወደደ ብቻ የሚገባበት ማኅበር። ወደ እኛ አገር የመጣው በ1939 ዓ.ም. ነው፤ በቻርተር፣ በአዲስ አበባ። ለከተማዋ ትልልቅ ነጋዴዎች፣ ለአስመጪና ላኪው፣ ትልቅ ነገር ነበር። ለሆሳዕና ባለሱቅ ግን ሩቅ ነበር። የእርሱ ማኅበር እቁብና እድር ነው። እቁብ ካፒታል ሰጠው፤ እድር በሐዘን ጊዜ ያዘው። ግብር ሲበዛበት አውራጃ ገዢው ደጅ ቆሞ አቤት የሚለው ግን ብቻውን ነበር። እቁብና እድርን ማወደስ ልማዳችን ነው፣ ውዳሴውም ይገባቸዋል፤ ሁለቱም ግን ከመንግሥት ጋር ለመሟገት የተሠሩ አይደሉም። ይህ ክፍተት ለረጅም ጊዜ ሳይሞላ ቆይቷል።

ደርግ ሲመጣ ክፍተቱ ሰፋ። በ1968 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 76 የጅምላ ነጋዴን ካፒታል በ300,000 ብር፣ የችርቻሮውን በ200,000 ብር ገደበ። የእርሻ ሰብል ገበያ ኮርፖሬሽን ተቋቁሞ የእህል ዋጋ በመንግሥት ይተመን ጀመር፤ ገበሬው በኮታ አስረከበ፤ ነጋዴውም ከገዛው ላይ ድርሻ ለኮርፖሬሽኑ እንዲያቀርብ ተደረገ፤ በየመንገዱ ኬላ ተዘረጋ። ንግድ ምክር ቤቶች በአዋጅ ቁጥር 148/1970 እንደገና ቢደራጁም፣ ነጋዴ «አድኃሪ» በሚባልበት ዘመን የነጋዴ ጠበቃ መሆን የሚያስከፍለው ብዙ ነበር። የእህል ንግድ የተፈታው በ1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ሲታወጅ ነው። ኮታው የቀረው በነጋዴ አቤቱታ ሳይሆን ሥርዓቱ ራሱ ስለደከመ ነው።

ከ1983 በኋላ የደቡቡ አምስት ክልሎች ተዋሕደው የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል ሲሆኑ መዲናው አዋሳ ሆነ። የሀዲያና የከምባታ ነጋዴ ጉዳይ በሐላባና በሻሸመኔ በኩል ዞሮ አዋሳ የሚደርስ ሆነ። በ1995 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 341 ወጣ፤ የንግድ ምክር ቤቶችንና የዘርፍ ማኅበራትን በአንድ ጥላ ሥር አድርጎ ከወረዳና ከከተማ እስከ ክልልና እስከ አገር አቀፍ ድረስ ደረጃ ሠራላቸው። በወረቀት ላይ መሰላሉ የተሟላ ነው። የከተማ ምክር ቤት ጠቅላላ ጉባኤ ይጠራል፣ ቦርድ ይመርጣል፣ ጸሐፊ ይቀጥራል፤ ጉዳዩ ወደ ክልሉ ይወጣል፤ ክልሉ ለአገር አቀፉ ያቀርባል። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ ንግድና ኢንዱስትሪ ሚኒስቴርና አገር አቀፉ ምክር ቤት ተፈራርመው የመንግሥትና የግሉ ዘርፍ የምክክር መድረክ ቆመ።

መድረክ መኖሩ መልካም ነው። ነገር ግን በአዳራሽ ውስጥ ሦስት መቶ ሰው ተሰብስቦ እጅ እያወጣ ብሶቱን ሲናገር፣ ባለሥልጣኑም «ማስታወሻ ይዘናል» ብሎ ሲመልስ፣ ያ ስብሰባ እንጂ ውትወታ አይደለም። ፖሊሲ የሚለወጠው ከአዳራሹ በፊት፣ አምስት ስድስት ሰው በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጦ በሚሠራው ሥራ ነው። የአዲስ አበባው ምክር ቤት ይህን ቀደም ብሎ ተረድቶት፣ በስዊድን ድጋፍ የግሉን ዘርፍ ችግሮች የሚያጠና ክፍል አቋቁሞ ነበር፤ በ1990ዎቹም የግልግል ዳኝነት ተቋም መሥርቷል። ወደ ክልል ከተሞች ስንወርድ ግን ኮሚቴ ማለት ብዙ ጊዜ ለበዓል ዝግጅትና ለመዋጮ ማሰባሰቢያ የሚቋቋም ሆኖ ይቀራል።

የስብሰባና የውትወታ ልዩነት የታየው በሐምሌ 2009 ነው። በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 መሠረት ዓመታዊ ሽያጩ ከ500,000 ብር በታች የሆነ ነጋዴ ደረጃ «ሐ» ነበር፤ ሂሳብ መዝገብ አይጠየቅም፤ የቀን ገቢው ይገመትለት ነበር። አሠራሩ ይህ ነበር። ገማቾች ሱቅ ይገባሉ። መደርደሪያውን ያያሉ፣ በቀን ስንት እንደሚሸጥ ይጠይቃሉ፣ የተናገረውን አምነው አይቀበሉም፣ ራሳቸው አንድ ቁጥር ይጽፋሉ። ቁጥሩ በዓመቱ የሥራ ቀናት ይባዛል፣ ለዘርፉ በተቀመጠው የትርፍ ህዳግ ይሰላል፣ ግብሩ ይወጣ ነበር። በቀን መቶ ብር የተሳሳተ ግምት በ300 የሥራ ቀን ሲባዛ 30,000 ብር ነው። ግምቱ በዚያ ዓመት ሲገለጽ በአዲስ አበባና በኦሮሚያ ከተሞች ሱቆች ተዘጉ፤ ተቃውሞም ተነሣ። ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴዎች ሥራ በዛባቸው።

እዚህ ላይ ነው ነጋድራሱ ተመልሶ የሚመጣው። በየከተማው ለግምት ሲወጣ የነጋዴ ተወካይን ከገማቾቹ ጋር ማስቀመጥ የቆየ ልማድ ነው። ሐሳቡ ቅን ሊሆን ይችላል፤ ገበያውን የሚያውቅ ሰው ይኑር ነው። ነገር ግን ተወካዩ በግምቱ ላይ ከፈረመ በኋላ በዚያው ግምት ለሚያለቅሰው ነጋዴ በምን አንደበት ይከራከራል? የሚገምት ይገምት፤ የሚሟገት ይሟገት። የምክር ቤት የግብር ኮሚቴ ቦታው ከነጋዴው ጎን ነው። ሥራውም የትርፍ ህዳጉን በየዘርፉ ማጥናት፣ የቅሬታ ማቅረቢያው ቀን ሳያልፍ ነጋዴውን ማሳወቅ፣ ረቂቅ ሕግ ሲመጣ በጽሑፍ አስተያየት መስጠት ነው። በ2017 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር ማሻሻያ አዋጅ ደረጃ «ሐ»ን አስቀርቶ ግብር ከፋዩን በሁለት ደረጃ ሲከፍል፣ ትንሹ ነጋዴ ግብሩን ከሽያጩ ላይ እንዲከፍል ተደረገ። ትርፉ ቀጭን የሆነ የእህልና የበርበሬ ነጋዴን ይህ ለውጥ ምን እንደሚያደርገው በቁጥር ማስረዳት ያለበት የራሱ ምክር ቤት ነው። ሌላ ማን ያስረዳለት?

ስለ ዝንጅብልም አንድ ነገር ልበል። የከምባታው የሐደሮ አካባቢ፣ ሀዲያና ወላይታም ጭምር፣ የአገሪቱ የዝንጅብል ጎተራ ነበሩ። በ2004 ዓ.ም. ክረምት የባክቴሪያ አጠውልግ በሽታ ተነሥቶ ማሳውን ጠራርጎ ወሰደው። በሽታው በዘሩ በራሱ ይጓዛል፤ ነጋዴና ገበሬ ከአንዱ ወረዳ ወደ ሌላው የሚያጓጉዙት የዘር ዝንጅብል ነው የሚያዛምተው። እንዲህ ያለውን ጉዳት ግብርና ቢሮ ብቻውን አይገታውም፤ ዘሩን የሚገዛና የሚሸጥ ነጋዴ ከውሳኔው ጋር መሆን አለበት። የሰብል ንግድ ቋሚ ኮሚቴ፣ የሆሳዕናው ሊቻ ሀዲያና የዱራሜው አምበሪቾ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየኖች የተቀመጡበት፣ ከበሽታ በፊት የሚሰበሰብ ኮሚቴ ያስፈለገው ለዚህ ነው።

በነዚህ ዓመታት ሌላ ገንዘብም ወደ አካባቢው ገብቷል። ከሀዲያና ከከምባታ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሄዱት ወጣቶች በላኩት ገንዘብ ሆሳዕና ላይ ፎቅና ሆቴል ተሠርቷል፤ ብረትና ሲሚንቶ ነጋዴው በዝቷል። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ 69,995 ሕዝብ የነበራት ከተማ ከዚያ ወዲህ እጅግ ሰፍታለች። ይህ ሁሉ ገንዘብ ከቤት ግንባታ አልፎ ወደ ማቀነባበሪያና ወደ መጋዘን እንዲገባ የመሬትና የብድር ሕጉ ምን ቢሆን ይሻላል የሚለው፣ ለምክር ቤት ኮሚቴ የተዘጋጀ ጥያቄ ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ለውጥ የመጣው ግን በነሐሴ 2015 ነው። ሲዳማ በ2012፣ ደቡብ ምዕራብ በ2014 ከወጡ በኋላ የቀረው ደቡብ ሁለት ክልል ሲሆን፣ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ርዕሰ መስተዳድር መቀመጫ ሆሳዕና ሆነች። ለሠላሳ ዓመት ያህል ወደ አዋሳ ሲመላለስ የነበረ አቤቱታ ዛሬ በእግር ሊደርስ ይችላል። ይሁን እንጂ የክልሉ ቢሮዎች በሌሎቹ ከተሞችም ተከፋፍለው ስለተቀመጡ፣ አንድ የነጋዴ ጉዳይ ሁለት ሦስት ከተማ ሊያዞር ይችላል። ለአንድ ባለሱቅ ይህ አይቻልም፤ ለተደራጀ ኮሚቴ ግን ይቻላል። መቀመጫው ቅርብ በመሆኑ ብቻ ሆሳዕና የራሷን ነጋዴ ብቻ እንዳትሰማም እሰጋለሁ። ዱራሜ፣ አንጋጫ፣ ሺንሺቾ፣ ዶዮገና፣ ሾኔ፣ ቦኖሻ፣ ጊምቢቹ በኮሚቴው ውስጥ ወንበር ያስፈልጋቸዋል። የዶዮገናው በግ ነጋዴ ችግር የሆሳዕናው ሲሚንቶ ነጋዴ ችግር አይደለምና።

አቤቱታ አጻጻፍ ራሱ ሙያ ነው። «ኬላ በዝቶብን ተማረናል፤ መፍትሔ ይሰጠን» የሚል ደብዳቤ ፋይል ውስጥ ይቀራል። በአንጻሩ ኮሚቴው የአንድ ወር ጭነት ተከታትሎ፣ በርበሬ የጫነ መኪና ከቦኖሻ አዲስ አበባ እስኪገባ የት የት እንደቆመ፣ ስንት ሰዓት እንደቆየ፣ ምን እንደተከፈለ፣ ለየትኛው ክፍያ ደረሰኝ እንደተሰጠና ለየትኛው እንዳልተሰጠ በሠንጠረዥ ቢያቀርብ፣ ክፍያው በየትኛው አንቀጽ እንደተጠየቀም ቢጠይቅ፣ ተቀባዩ መልስ ከመስጠት በቀር አማራጭ የለውም። መልሱ በጽሑፍ ይጠየቅ፤ ቃለ ጉባኤ ይያዝ፤ በቀጣዩ ስብሰባ የመጀመሪያው አጀንዳ ያለፈው ውሳኔ የት ደረሰ የሚለው ይሁን። አሁን ባለው አዋጅ አባልነት በፈቃድ ነው፤ ስለዚህ መዋጮውን የሚከፍለው ነጋዴ የሚከፍልበትን ምክንያት በዓይኑ ማየት አለበት። አንድ የተሰረዘ ሕገ ወጥ ክፍያ ከመቶ ስብሰባ ይልቅ አባል ያመጣል።

ለሀዲያና ለከምባታ ከተሞች ነጋዴዎች የማቀርበው ጥሪ ይህ ነው። በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ስትሰበሰቡ ከቦርድ ምርጫው ጋር ሦስት ቋሚ ኮሚቴዎችን ምረጡ፦ የግብር፣ የሰብልና የእንስሳት ንግድ፣ የመሬትና የብድር። በግምት ሥራ ላይ የተቀመጠ ሰው የግብር ኮሚቴ አባል እንዳይሆን በመተዳደሪያ ደንባችሁ ላይ ጻፉ። ለክልሉ መንግሥትም እንዲሁ፦ ንግድን የሚነካ መመሪያ ከመጽደቁ በፊት ረቂቁን ለምክር ቤቱ በጽሑፍ ላኩ፤ አስተያየት የሚሰጥበትም በቂ ጊዜ ይኑር፤ የቦኖሻም ነጋዴ ደርሶት እንዲያነበው።