ሹሩባና የሰው እጅ



ባለፈው ሰሞን በውሃ ወረፋ ላይ ቆማ የነበረችን ልጅ አንድ እንግዳ ከኋላዋ መጥቶ ሹሩባዋን ዳሰሰው። ክፋት አልነበረውም፤ «እንዴት ያምራል!» ነው ያለው። ልጅቱ ግን ጀሪካኗን ጥላ ሄደች። ከወረፋው ግማሾቻችን ሳቅን፤ እኔም ከሳቁት አንዱ ነበርሁ። ማታ ሳስበው አሳፈረኝ።

በአገራችን የሴት ጠጉር ሲናገር የኖረ ነገር ነው። በአማራው ገጠር ያላገባች ልጅ መካከሉን ተላጭታ ዙሪያውን ጋሜ ትተወው ነበር፤ ስትዳር አሳድጋ ሹሩባ ትሠራለች፤ ሐዘን ሲደርስባት ትላጨዋለች። ራሷን ያየ ሰው ሳይነገረው ነገሯን ያውቃል። ማወቅ ግን መንካት አልነበረም። የምትሠራት እናቷ፣ እኅቷ ወይም ጎረቤቷ ናት፤ ልጅቱም ከሠሪዋ ጉልበት መካከል ቁጭ ብላ፣ ቅቤው ባንገቷ እየወረደ፣ ግማሽ ቀን ራሷን አምና ትሰጣለች። የሱዳን ሴቶችም ለቀጭኑ ጉንጉናቸው፣ «ሙሻጥ» ለሚሉት፣ እንዲሁ የታወቀች ሠሪ አለቻቸው።

ታሪክ ሌላ ዓይነት እጅም አሳይቶናል። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ራሳቸውን ሲሠዉ፣ እንግሊዞች ከሬሳቸው የጠጉር ዘለላ ቈርጠው ወሰዱ። ጠጉሩ ሎንዶን ካለው የጦር ሠራዊት ሙዚየም ወጥቶ ለኢትዮጵያ የተመለሰው በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ነው፤ ከ151 ዓመት በኋላ!

በሴቶች ላይ ሲሆን ደግሞ እጁ ሕግ ይለብሳል። እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1786 ሉዊዚያና በስፔን እጅ ሳለች፣ ገዢው ሚሮ ነጻ የሆኑ ጥቁርና ክልስ ሴቶች ጠጉራቸውን በሻሽ እንዲሸፍኑ አዘዘ። ሴቶቹም ሻሹን በደማቅ ቀለም አስጊጠው አሰሩት።

እዚሁ ካርቱም፣ የአደባባይ ሥርዓት ፖሊስ በነበረበት ዘመን (ሻይ ትሸጥ የነበረች የአገራችን ልጅ ትንገራችሁ) ነገሩ እንዲህ አላበቃም። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2013 አሚራ ዑስማን ሐሚድ የተባለች መሐንዲስ፣ ከከተማው በስተደቡብ ጀበል አውሊያ ለጉዳይ ሄዳ ሳለች፣ ፖሊስ ጠጉርሽን ሸፍኚ ቢላት እንቢ አለች። የተከሰሰችበት አንቀጽ 152 እስከ 40 ጅራፍ ያስገርፍ ነበር። የአደባባይ ሥርዓቱ ሕግ በኖቬምበር 2019 ተሻረ። እናቴም ሻሽ ታስራለች፤ ነገር ግን የምታስረው በገዛ እጇ ነው።

ይህን ሁሉ ከወረፋው እንግዳ ጋር ማንሣቴ ያበዛሁ ይመስል ይሆናል። ጅራፍና ዳሰሳ እኩል አይደሉም። ሁለቱም ግን ባለቤቷን ሳይጠይቁ ነው የሚጀምሩት።

እኔስ? ከመምህራን ማሠልጠኛ በወጣሁ በመጀመሪያው ዓመት፣ የንጽሕና ቍጥጥር ነው ብዬ፣ የተማሪዎቼን ሹሩባ በክፍሉ ፊት በእርሳስ ጫፍ እያነሣሁ ቅማል ፈልጌአለሁ። አንዲቱ ከዚያ ወዲያ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ራሷን ተሸፍና መጣች። ለምን ብዬ አልጠየቅኋትም።

በመጪው ሳምንት በመጠለያችን የቅማል ምርመራ ይደረጋል ተብሏል። ምርመራው በመጋረጃ ውስጥ፣ እናቶች በሚመርጧት ሴት እጅ እንዲሆን፣ ሹሩባ የሚፈታም ልጅቱ እሺ ስትል ብቻ እንዲሆን ለኮሚቴው ጽፌአለሁ። ይህ ጽሑፍ እስከ ተገለበጠበት ቀን ድረስ መልስ አልመጣም፤ አብረውኝ ሊፈርሙ የሚሹ እናቶች ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ከትምህርት ዳሱ ያገኙኛል።