ሆቢቶች በሮተርዳም

ወጣቶች ሆይ፣ «ልብ ወለድ፣ ያውም የጠንቋይና የድራጎን ተረት ማንበብ፣ ጊዜ ማባከን ነው» የሚል ምክር ሳይደርሳችሁ አልቀረም። መካሪዎቻችን ለእኛ አስበው ነውና አንቀየማቸውም። ነገር ግን መልስ ከመስጠታችን በፊት ኑ፣ አንድ የእራት ግብዣ ላይ አብረን እንቀመጥ።

ጊዜው እ.ኤ.አ. ማርች 28 ቀን 1958፣ ቦታው የኔዘርላንድስ የወደብ ከተማ ሮተርዳም ነው። አንድ የመጻሕፍት መደብር ከአሳታሚ ጋር ሆኖ «የሆቢት ማዕድ» የሚል ድግስ ደግሷል፤ ሁለት መቶ ያህል አንባብያንም ተሰብስበዋል። የክብር እንግዳው ከእንግሊዝ ባሕር ተሻግረው የመጡት የ66 ዓመቱ የኦክስፎርድ ፕሮፌሰር ጄ. አር. አር. ቶልኪን ናቸው። «የቀለበቶቹ ጌታ» የተባለው ባለ ሦስት ቅጽ ምናባዊ ድርሰታቸው በ1954 እና በ1955 ታትሞ ነበር። ከእንግሊዝኛ ወደ ሌላ ቋንቋ ሲተረጎምም የመጀመሪያው ወደ ደች ነው።

ሆቢት ማለት ቁመቱ የሰው ግማሽ የሚሆን፣ ጓሮውንና ማዕዱን የሚወድ፣ ጦርነት የማይመኝ ፍጡር ነው። በታሪኩ ውስጥ ሳውሮን የተባለውን የጨለማ ጌታ ለመጣል ከባዱን ሸክም የሚሸከመው ከእነዚህ ትንንሾች አንዱ ነው።

በግብዣው ላይ የምግቦቹ ስም ሁሉ ከመጽሐፉ የተወሰደ ነበር። የእንጉዳይ ሾርባው ማጎት በተባለው ገበሬ ስም ተሰየመ። ደጋሾቹ ግን ቃሉ በእንግሊዝኛ «ትል» ማለት እንደሆነ አላወቁም! ቶልኪን በኋላ ለአሳታሚያቸው በጻፉት ደብዳቤ ይህን በፈገግታ አንሥተውታል።

ከአዳራሹ ውጭ ያለው ግን የሚያስቅ አልነበረም። በሜይ 14 ቀን 1940 የጀርመን አውሮፕላኖች የሮተርዳምን መሐል ከተማ በቦምብ ደብድበው አቃጥለውታል፤ ወደ 80 ሺህ ሰው ያለ መጠለያ ቀርቷል። ከመካከለኛው ዘመን የቀረው የቅዱስ ሎውሬንስ ቤተ ክርስቲያን ተቃጥሎ ግድግዳው ብቻ ስለ ቆመ፣ ከ18 ዓመት በኋላም ገና በጥገና ላይ ነበር። ቶልኪን ግማሿ ፈርሳ ግማሿ የተሠራችውን ከተማ ተዘዋውረው አዩ። በዚያው ደብዳቤ የሰጡትን ሐሳብ ልብ በሉ፦ አዲሱ ግንባታ ግዙፍና ሰውን የዘነጋ ነው፤ የአገሩ ሰዎች ግን ከአባቶቻቸው የወረሱት ፍቅር ሌላ ነው። በሆቢቶች እስከ መስከር የደረሱት በዚህ ክፍተት ምክንያት ሳይሆን አይቀርም አሉ።

በእራቱ መጨረሻ ቶልኪን ንግግር አደረጉ። ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ብመለከት ሳውሮንን አላየሁም፤ የሳሩማን ዘሮች ግን ብዙ ናቸው ሲሉ ተናገሩ። ሳሩማን በታሪኩ ውስጥ እቶኑን ለመመገብ ደን የሚያስጨፈጭፍ ጠቢብ ነው። እኛ ሆቢቶች በእነርሱ ላይ የምናነሣው አስማታዊ መሣሪያ የለንም ካሉ በኋላ ጽዋቸውን አነሡ፤ ሆቢቶች ከሳሩማኖች በላይ ዕድሜ እንዲኖራቸውና ጸደይን በዛፎች ላይ ዳግመኛ እንዲያዩ ተመኙ።

ይህን የተናገሩት ከጦርነት ርቀው የኖሩ ሰው አልነበሩም። በ1916 በሶም የጦር ግንባር ተዋግተዋል፤ አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲያበቃ ከቅርብ ጓደኞቻቸው በሕይወት የቀረው አንድ ብቻ ነበር። አጥባቂ የካቶሊክ ክርስቲያንም ነበሩ። እኔ እንደምረዳው፣ በዚያች ከተማ ሊሉ የፈለጉት ይህን ነው፦ በግልጽ የሚመጣ ክፋት ይሸነፋል፤ ጥበብ መስሎ፣ ዕቅድ ይዞ የሚመጣው ግን በመካከላችን ይቀመጣል።

እንግዲህ ወደ ምክሩ እንመለስ። ለማምለጫ ብቻ የሚነበብ መጽሐፍ አለ፤ መካሪዎቻችን የሚፈሩት እርሱን ከሆነ አልተሳሳቱም። የሮተርዳም ሰዎች ግን ያ መጽሐፍ ፍርስራሹን አላስረሳቸውም። የጎደላቸውን ነገር በስም እንዲጠሩት አስቻላቸው፤ ጓሮውን፣ ዛፉን፣ ከጎረቤት ጋር የሚቆረሰውን እንጀራ።

እናንተም በእጃችሁ ያለውን መጽሐፍ ስትጨርሱ ወደ ደጅ ውጡና ሰፈራችሁን ተመልከቱ። ቀድሞ ያላያችሁትን አንድ ዛፍ፣ ሰላም ያላላችሁትን አንድ ሽማግሌ ካያችሁ፣ ጊዜያችሁ አልባከነም።