የድብርት መለያ መጠይቆች በአማርኛ፦ ታሪካቸውና የቃል ምርጫቸው

ድብርት ያደረበትን ታካሚ በቶሎ ለመለየት የሚያገለግሉ አጫጭር መጠይቆች የሐኪም መሣሪያ ቢሆኑም፣ ሥራቸው የሚፈጸመው በቃል ስለ ሆነ የቋንቋ ባለሙያንም ይመለከታሉ። ተጠያቂው ጥያቄውን በሌላ መንገድ ከተረዳው፣ የሚገኘው አኃዝ የሕመሙ ሳይሆን የትርጉሙ ልክ ይሆናል። በዚህ ጽሑፍ የመጠይቆቹን የአማርኛ ጉዞ ባጭሩ እንመለከታለን። ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ1970ዎቹ ያዘጋጀው መጠይቅ «አዎ» ወይም «አይደለም» የሚባልባቸው 20 ጥያቄዎች አሉት። ድብርትን ከጭንቀትና ከመሰል ሕመሞች ጋር አንድ ላይ ይፈትሻል። በ1980 የታተመው ጥናት የተካሄደው በኮሎምቢያ፣ በሕንድ፣ በፊሊፒንስና በሱዳን ነበር። ወደ ኢትዮጵያ ሲገባ ግን ችግሩ ታየ። ኮርትማንና ቴን ሆርን በ1988 ባወጡት ጥናት፣ መልሱ በሕመሙ ብቻ ሳይሆን በጥያቄው አረዳድና በመላሹ ፍላጎት ጭምር እንደሚወሰን አስረዱ።

የአረዳዱ ችግር አንዱ ምንጭ የአማርኛ ሰዋስው ነው። «ጨነቀኝ»፣ «ከፋኝ»፣ «ደበረኝ»፣ «ሆድ ባሰኝ» ስንል ግሡ በሦስተኛ መደብ ይቆማል፤ የሚሠቃየው ሰው በተሳቢ ምእላድ ይገለጻል። ይኸውም ሰውየው ስሜቱ የሚደርስበት እንጂ ባለቤቱ አይደለም። «የመጨነቅ ስሜት ይሰማዎታል?» የሚለው አጠያየቅ ከባዕድ ቋንቋ የተቀዳ ሲሆን፣ «ይጨንቅዎታል?» ወይም «ሆድ ይብስዎታል?» የሚለው ግን ለሚጠየቁት አዛውንት የራሳቸው ቋንቋ ነው።

ይህን በሚገባ የሚያሳየው የወለቃ ሰዎች ታሪክ ነው። ከጎንደር በስተሰሜን በደባርቅ መንገድ ላይ የምትገኘው ወለቃ፣ በሸክላ ሥራዋ የታወቀች የቤተ እስራኤል መንደር ነበረች። ነዋሪዎቿ እንደ ሌሎቹ የጎንደር ቤተ እስራኤላውያን ወደ እስራኤል ሄደዋል፤ በግንቦት 1991 በሰሎሞን ዘመቻ ብቻ ከ14,000 በላይ ሰዎች በ36 ሰዓት ያህል ከአዲስ አበባ ተጓጉዘዋል። የጎንደር አማርኛም ከእነርሱ ጋር ዕብራይስጥ ተናጋሪ ሐኪም ዘንድ ደረሰ። ያንግማን፣ ዚልበር፣ ፍቅሬ ወርቅነህና ጊል በ2008 ያሳተሙት ጥናት፣ 20ውን ጥያቄዎች ለኢትዮጵያውያን እንዲስማሙ አድርጎ፣ ሕዝቡ መከራውን የሚገልጽባቸውን አነጋገሮች ጨመረባቸው። አዘጋጆቹ ባዕዱን ቃል ከመተርጎም አልፈው ከታካሚው አንደበት ጥያቄ አወጡ።

በዚያው ዓመት ሃንሎንና ባልደረቦቿ በቡታጅራ ለነፍሰ ጡሮችና ለወላዶች ሁለት መጠይቆችን ሲያወዳድሩ፣ የዓለም ጤና ድርጅቱ ከኤዲንብራው ተሽሎ ተገኘ። በኋላም በ2001 የታተመው ባለ ዘጠኝ ጥያቄ የታካሚ ጤና መጠይቅ በአዲስ አበባና በገጠር ተፈትኗል። ይህ መጠይቅ ያለፉትን ሁለት ሳምንታት ይጠይቃል፤ እያንዳንዱም መልስ ከ0 እስከ 3 ስለሚሰጠው ድምሩ እስከ 27 ይደርሳል። «ከግማሽ በላይ በሆኑት ቀናት» የሚለው ምርጫ ግን ቀን በበዓል ለሚቆጥር ገበሬ ረቂቅ ነው። «ከሥላሴ እስከ ማርያም» ቢባል ከወሩ 7 እስከ 21 ያለው ጊዜ ወዲያው ይገባዋል፤ ለቤተ እስራኤሉ ደግሞ «ሁለት ሰንበት» ይበቃል።

ከሁሉ የሚከብደው ዘጠነኛው ጥያቄ ነው። መሞት ይሻለኛል ማለትንና ራስን መጉዳትን በአንድነት ይጠይቃል። በእኛ አነጋገር ግን «ምነው በሞትኩ» ኀዘንተኛም፣ የተቆጣ ሰውም የሚለው ቃል ነው። ሁለቱ ካልተለዩ ወይ ያዘነው ሁሉ ራሱን ሊያጠፋ ነው ተብሎ ይቆጠራል፤ ወይም በእውነት አደጋ ላይ ያለው ሰው «እንዲያው የአነጋገር ልማድ ነው» ተብሎ ይታለፋል። ስለዚህ ሞትን መመኘትና ራስን ለማጥፋት ማሰብ በየራሳቸው ጥያቄ ሊቀርቡ ይገባል።

የስያሜውም ጉዳይ ከዚህ አይለይም። «ድብርት» ከተራ መሰላቸት እስከ ጽኑ ሕመም የሚደርስ ሰፊ ቃል በመሆኑ፣ ለሕመሙ ብቻ «ድባቴ» የሚለው ስያሜ እየተለመደ መጥቷል። ይህ ስያሜ በሕክምና መጽሐፍና በሐኪም መዝገብ ይጠቅማል፤ ወደ መጠይቁ ግን መግባት የለበትም፤ ያልተማረ ሰው «ድባቴ አለብዎ?» ቢባል የሚመልሰው የለውምና። ትርጉሙን ወደ እንግሊዝኛ መልሶ መተርጎምም ብቻውን አይበቃም፤ መላሹ ተርጓሚ ሁለቱንም ቋንቋ የተማረ ሰው ስለሆነ የባዕዱን አገባብ ከአማርኛው ሥር ሆኖ ያነበዋል። ስለዚህ የሙያ መዝገበ ቃላት አዘጋጆች ለእያንዳንዱ ሕመም የሐኪሙን ስያሜ፣ የጥያቄውን ቃልና የታካሚውን አነጋገር በሦስት ዓምድ ለይተው ቢመዘግቡ፣ ተርጓሚው አንዱን በሌላው ቦታ ከማስገባት ይድናል።